የድንጋይ ቀለም በጃፓንና በሐይቅ ዳር

ከውርጌሳ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ ውጫሌን፥ ቀጥሎም ሐይቅን ያገኛል። የሁለቱ ስም በታሪክ መጽሐፍ የተጻፈው ስለ ተለያየ ነገር ነው። ሐይቅ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ስለ ሆነ በመጻሕፍትና በትምህርት ይታወቃል። የውጫሌ ስም ግን የሚነሣው ስለ አንድ ውል ነው፤ ይኸውም በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል የተደረገው ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ አንድ፥ በኢጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ከብዙ ክርክር በኋላ ነገሩ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተቈረጠ።

በዚያው በ1881 ዓ.ም.፥ ከውጫሌ እጅግ ርቆ በሚገኘው በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ፥ ሁለት ነገሮች በአንድ ወራት ተፈጸሙ። አንደኛው የንጉሠ ነገሥት ሜጂ ሕገ መንግሥት መታወጁ ነው። ሁለተኛው የቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሩን ለተማሪዎች መክፈቱ ነው። የመጀመሪያው ወሬ በኢትዮጵያ ዘግይቶ ቢደርስም ፍሬ አፍርቷል፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያዘጋጁትና በሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት የጃፓኑን ምሳሌ አድርጎ የተሠራ ነውና። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው አሳተሙ። በዚያን ዘመን በአዲስ አበባ የነበሩ የተማሩ ሰዎች ስለ ጃፓን ሲነጋገሩ፥ አንድ የምሥራቅ ሕዝብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መርከብና መድፍ፥ ባቡርና ፋብሪካ አበጅቶ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር እንዴት እንደ ተካከለ እያደነቁ ነበር። ስለ ሁለተኛው ነገር፥ ስለ ሥዕሉ ትምህርት ቤት፥ የተነገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ ትምህርት ቤት ግን ከመድፉና ከባቡሩ ይልቅ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሚቀርብ ምሳሌ ነበረ። የተከፈተው የአውሮፓን ጥበብ ለመቅዳት ሳይሆን፥ ከጥንት ጀምሮ በድንጋይ፥ በጥላሸትና በቆዳ ሙጫ ይሠራ የነበረው የሀገሩ ሥዕል እንዳይጠፋ ነውና። የዚያም ትምህርት ፍሬ እስከ ዛሬ ይታያል። በዘመናችን ያሉ የጃፓን ሠዓልያን ፏፏቴውንና ገደሉን፥ ዛፉንና አበባውን አያቶቻቸው በሠሩበት ቀለም ይሥላሉ፤ ከእነዚህም አንዱ፥ በትውልድ ጃፓናዊ የሆነ አሜሪካዊ፥ አራቱን ወንጌል በዚሁ ቀለም አስጊጦታል። የነገሩን አመጣጥ ከመጀመሪያው መመልከት ይገባል። ከዚህ በኋላ ስለ ጃፓን የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1868 ንጉሠ ነገሥት ሜጂ ሥልጣኑን ከጦር ሹማምንት እጅ ከመለሰ በኋላ፥ በጃፓን የአውሮፓ ነገር ሁሉ ተወደደ፤ የሀገሩ ነገር ሁሉ ተናቀ። በየአውራጃው ብዙ የቡድሃ መቅደሶች ፈረሱ፥ ምስሎቻቸው ተቃጠሉ፥ ሥዕሎቻቸው በርካሽ ዋጋ ተሸጡ። በ1876 መንግሥቱ የአውሮፓን ሥዕል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፍቶ አንቶኒዮ ፎንታኔዚ የሚባለውን ኢጣልያዊ ሠዓሊ መምህር አድርጎ አስመጣ። በዚያ ቤት የዘይት ቀለም እንጂ የሀገሩ ቀለም አልገባም። የቆዩት ሠዓልያን ጌቶቻቸው ሹማምንቱ ስለ ወደቁ ደመወዝ አጡ። ከእነርሱ የሚበልጠው ካኖ ሆጋይ እንኳ፥ ቤተ ሰቡ ለብዙ ትውልድ ለመሳፍንት ሲሥል የኖረ ሰው ሳለ፥ ሥዕሉን ትቶ በሌላ ሥራ እንጀራውን እስኪፈልግ ድረስ ተቸገረ።

ከዚያው ከኢጣልያዊው ትምህርት ቤት አንዲት ሴት ወጥታለች፤ ታሪኳ ለኦርቶዶክሳዊ አንባቢ ሊታለፍ አይገባውም። ያማሺታ ሪን ትባላለች፤ በ1857 ተወለደች። ሩስያዊው መነኩሴ ኒቆላዎስ በቶኪዮ ወንጌልን ሲሰብክ እርሷም ተጠመቀች፤ ከዚያም ቅዱሳት ሥዕላትን እንድትማር ወደ ፒተርስቡርግ ተላከች። በ1883 ወደ ሀገሯ ተመልሳ ለጃፓን ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት ስትሥል ኖረች፤ በ1939 ዐረፈች። የመጀመሪያይቱ የጃፓን ኦርቶዶክሳዊት ሠዓሊ እርሷ ናት። ነገር ግን ሃይማኖቷ ኦርቶዶክሳዊ፥ እጇ ጃፓናዊ ቢሆን፥ ቀለሟ የአውሮፓ የዘይት ቀለም ነበረ። ወንጌሉ በሀገሩ ቀለም እስኪጻፍ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ቈየ።

በ1878 ኤርነስት ፌኖሎሳ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ፍልስፍና ሊያስተምር ወደ ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ መጣ። የሀገሩ ሰዎች የጣሉትን ሥዕል እያየ ተደነቀ፤ ይገዛም ያጠናም ጀመር። በ1882 በጃፓን ታላላቅ ሰዎች ፊት ንግግር አድርጎ፥ የራሳችሁን ሥዕል ለምን ታዋርዳላችሁ በማለት ወቀሳቸው። ከባዕድ አፍ የመጣ ምስጋና ከራስ ወገን ምስጋና ይልቅ መሰማቱ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ በሌላም ሀገር ይህ ሲሆን ታይቷል። ቢሆንም ንግግሩ ሥራውን ሠራ። ኦካኩራ ካኩዞ የተባለው ተማሪው ከእርሱ ጋር በየመቅደሱ እየዞረ የተረፈውን ቅርስ መዘገበ። ሆጋይንም ከችግሩ አውጥተው እንደ ገና ብሩሹን አስያዙት። ሆጋይ ግን አዲሱን ትምህርት ቤት ሳያይ ቀረ፤ በሩ ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀረው በኅዳር ወር 1888 ሞተ። የመጨረሻ ሥዕሉን ጓደኛው ሐሺሞቶ ጋሆ ጨረሰለት፤ ይኸው ጋሆ በአዲሱ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

ትምህርት ቤቱ በ1889 ሲከፈት የዘይት ቀለም አልገባበትም፤ ይህም እስከ 1896 ድረስ ጸና። ኦካኩራ በ1890 አለቃ ሆኖ ተሾመ። የሀገሩ ሥዕል ከአውሮፓው የሚለይበት ስም ስላልነበረው «ኒሆንጋ» ተባለ፤ ፍችውም «የጃፓን ሥዕል» ማለት ነው። አንድ ጥበብ ብቻውን ሲኖር ስም አያሻውም፤ ስም የሚሰጠው ባላጋራ ሲመጣበት ነው። በ1898 ኦካኩራ በጠብ ምክንያት ከሹመቱ በወረደ ጊዜ፥ ወጣቶቹ ሠዓልያን ዮኮያማ ታይካንና ሂሺዳ ሹንሶ ተከትለውት ወጥተው ሌላ የሥዕል ማኅበር አቆሙ። ስለ ሹማምንቱ ጠብ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ቁም ነገሩ፥ አለቃው ቢወርድም ትምህርቱ አለመውረዱ ነው፤ ያ ትምህርት ቤት ስሙን ለውጦ፥ ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎ፥ እስከ ዛሬ ኒሆንጋን ያስተምራል።

ለመሆኑ የተጠበቀው ነገር ምንድር ነው? የኒሆንጋ ቀለም ከፋብሪካ በቱቦ ተሞልቶ የሚወጣ አይደለም። ሰማያዊው አዙራይት ከሚባል ድንጋይ፥ አረንጓዴው ማላካይት ከሚባል ድንጋይ ይወቀጣል። ድንጋዩ ከተፈጨ በኋላ በውኃ ይበጠበጣል፤ ከባዱ ፈጥኖ ይዘቅጣል፥ የላመው ዘግይቶ ይወርዳል፥ እንዲሁ በየተራው ይለያል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከአንዱ ድንጋይ ሻካራ ሆኖ የቀረው ጥልቅ ሰማያዊ ሲሆን፥ እየላመ የሄደው እየነጣ ይሄዳል፤ በመጨረሻም እንደ ማለዳ ሰማይ ይሆናል። ስለዚህ በቀለም መሸጫው እያንዳንዱ ልመት ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጣል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀለሙ ልሙና ፈዛዛ ነው። ነጩ ቀለም ከባሕር ዛጎል ይገኛል፤ ዛጎሉ ለብዙ ዓመት በደጅ ፀሐይና ዝናም ሲፈራረቅበት ቈይቶ ይፈጫል፥ ስሙም «ጎፉን» ይባላል። ጥቁሩ «ሱሚ» ነው፤ ከጥድ ወይም ከመብራት ዘይት ጢስ የተሰበሰበ ጥላሸት ከሙጫ ጋር ተለውሶ ይደርቃል፥ ሲፈለግም በድንጋይ ላይ በውኃ ይታሻል።

እነዚህን ሁሉ የሚያጣብቀው ከእንስሳ ቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ነው፤ «ኒካዋ» ይሉታል። ሠዓሊው ሙጫውን በለዘብታ እሳት አሙቆ፥ ዱቄቱን በትንሽ ሳሕን አድርጎ፥ በጣቱ እያሸ ይለውሰዋል። ሙጫው ቢበዛ ቀለሙ ይሰነጠቃል፥ ቢያንስ ይረግፋል፤ በሙቀት ወራት ከዋለ ካደረ ይሸታል። ይህን መጠን በመጽሐፍ ብቻ መማር አይቻልም። ከመምህር አጠገብ ተቀምጦ፥ የጣት ስሜት እስኪለይ ድረስ መለማመድ ይፈልጋል። የሚሣልበትም ሐር ወይም ከዛፍ ልጥ የተሠራ ወረቀት ነው። የወርቅና የብር ዝርግ እንደ አስፈላጊነቱ ይጨመራል።

የሐይቅን ወንጌል ያየ ሰው ይህን ሲሰማ የሩቅ ሀገር ነገር አይመስለውም። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳማቸው ያሠሩት አራቱ ወንጌል፥ ዘመናቸው ከታወቀ ባለ ሥዕል የኢትዮጵያ መጻሕፍት ሁሉ በቀደምትነት ከሚቈጠሩት አንዱ ነው፤ የእርሳቸውም መልክ በውስጡ ተሥሏል። መጽሐፉ የተጻፈበት ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። የኢትዮጵያ ጸሐፊ ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው፤ ከተቈላ እህልና ከቅጠል ጭማቂ ጋር ተበጥብጦ ለወራት ይቦካል። ቀዩ ለጌታና ለእመቤታችን ስም፥ ለቅዱሳንም ስም ተለይቶ ይቀመጣል። ሠዓሊውም በበኩሉ ቀይና ብጫ አፈር፥ የተወቀጠ ድንጋይ፥ ከቅጠል የወጣ ሰማያዊ ይይዛል። የእንጨት ገበታ ሲሆን አስቀድሞ በጄሶና በቆዳ ሙጫ ይለሰናል፤ ቀለሙም በሙጫ ተለውሶ በላዩ ይቀባል። የግድግዳ ሥዕል ሲሆን ጭቃው በጭድ ተቦክቶ ይመረጋል፥ ወይም የጥጥ ጨርቅ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እንግዲህ ጥላሸት፥ አፈር፥ ድንጋይ፥ የቆዳ ሙጫ፥ ሁለቱም ሀገሮች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘው ተገኙ።

በአማርኛ «ቀለም» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ እንደ ያዘ የታወቀ ነው። ሰሙ በቀንድ የሚቀመጠው ጥቁር ውኃ ነው፤ ወርቁ ዕውቀት ነው። መምህሩ የቀለም አባት፥ ደቀ መዝሙሩ የቀለም ልጅ ይባላል፤ ትምህርት የገባው ልጅም ቀለም ገባው ይባላል። ይህ አነጋገር የተፈጠረው ዕውቀትና ቀለም በአንድ እጅ በነበሩበት ዘመን ነው። ተማሪው መጽሐፉን ለመጻፍ ቀለሙን ራሱ ያበጅ ነበር። ዛሬ ቃሉ አለ፤ ሰሙ ግን ከወርቁ ተለይቷል።

በአሣሣሉ ነገር ግን ሁለቱ ሀገሮች ተለያይተዋል፤ ይህንንም ሳይሸፍኑ መናገር ይገባል። ጃፓናዊው ዛፉን ስለ ዛፉ ይሥላል። ሹንሶ በ1909 «የወደቁ ቅጠሎች» የተባለውን ሥዕል ሲሠራ ዓይኑ ታሞ ገና መሻሉ ነበር። ሥዕሉ በሁለት ታጣፊ ገበታዎች ላይ ነው፤ የዛፍ ግንዶችና በመሬት ላይ የተበተኑ ቅጠሎች ብቻ ይታያሉ። የመሬቱ መጨረሻ አልተሠመረም፤ ሰማይም የለም፤ ሰውም የለም። ባዶው ስፍራ ግን ባዶ አይመስልም፥ የመከር ብርድ ይሰማበታል። ቀደም ሲል ሹንሶና ታይካን ዙሪያውን በጥቁር መሥመር መክበብ ትተው ቀለሙን በቀለም ላይ እያለዘቡ ስለ ሠሩ፥ ተቺዎች «ጭጋግ» እያሉ ተሳልቀውባቸው ነበር። ሹንሶ በ1911 በ36 ዓመቱ ሞተ፤ ስድብ የነበረው አሣሣል ደግሞ የትምህርት ቤት ትምህርት ሆነ።

ታይካን ረጅም ዕድሜ አግኝቶ እስከ 1958 ኖረ። በ1923 የሠራው 40 ሜትር የሚያህል ጥቅል ሥዕል በጥቁር ቀለም ብቻ የተሣለ የውኃ ታሪክ ነው፤ በተራራ ጭጋግ ውስጥ የተወለደች ጠብታ ምንጭ ትሆናለች፥ ወንዝ ትሆናለች፥ በመጨረሻም ባሕር ገብታ እንደ ዘንዶ ወደ ሰማይ ትመለሳለች። ሥዕሉ ለሕዝብ የታየበት የመጀመሪያ ቀን መስከረም 1 ቀን 1923 ነበረ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 1915 ዓ.ም. ማለት ነው። በዚያው ዕለት ቶኪዮን ያወደመው ታላቅ የመሬት መናወጥ ሆነ። ከተማይቱ ስትቃጠል ጥቅሉ ተረፈ፤ አሁንም በቶኪዮ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይገኛል። የታይካን ውኃ ያለ ማቋረጥ የሚዞር ነው፤ ክርስቲያን የሆነ ተመልካች ግን ጠብታዋን ማን እንደ ፈጠራት ሳይጠይቅ አያልፍም።

በኢትዮጵያ ሥዕል ፍጥረት የቅዱሳን ሎሌ ሆና ነው የምትታየው። በአባ ገሪማ ወንጌል፥ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ እንደ ተሠራ በምርመራ በተገመተው፥ ወፎችና አትክልት በቀኖናው ሰንጠረዥ ቅስት ላይ ይታያሉ። በላስታ በይምርሐነ ክርስቶስ ጣራ ላይ አራዊትና አዕዋፍ ተሥለዋል። በብራናው ራስጌ የሚወርደው ሐረግም ስሙ እንደሚያመለክተው ከተክል የተወሰደ ነው። ሆኖም ተራራው ራሱን ችሎ፥ ዝናሙ ራሱን ችሎ አልተሣለም። ይህ ከድካም የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ፍጥረትን ያመሰገኑት በቀለም ሳይሆን በዜማና በቅኔ ነው። ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት ውስጥ ሆነው ፀሐይና ጨረቃን፥ ጠልና ውርጭን ለምስጋና የጠሩበት ጸሎት በየማኅሌቱ ይዘመራል፤ ቅዱስ ያሬድም ትዕግሥትን የተማረው በዛፍ ላይ ወጥታ ከምትወድቅ ትል እንደ ሆነ በገድሉ ይነገራል። በዋድላ የቅኔ ቤት ያደረ ተማሪ ደመናንና ወንዝን ሰም አድርጎ ወርቁን ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ ጃፓናዊው በብሩሽ ያደረገውን ኢትዮጵያዊው በአፉ አድርጎታል ማለት ይቻላል።

ዛሬ በሕይወት ካሉት የኒሆንጋ ሠዓልያን ሂሮሺ ሴንጁ በ1958 ተወለደ፤ በዚያው በቶኪዮ ትምህርት ቤት ተማረ። ዝናው የፏፏቴ ነው። ከዛፍ ልጥ የተሠራውን ወረቀት በገበታ ላይ ለጥፎ፥ በሙጫ የተለወሰውን ቀለም ከላይ ወደ ታች ያፈስሰዋል፤ ቀለሙ ራሱ እንደ ውኃ ይወርዳል። ገደልን ሲሥል ደግሞ ወረቀቱን አስቀድሞ ይጨማድደዋል፤ ቀለሙ በጭምድዱ ላይ ሲያርፍ ዓለት ይወጣል። የሀብሩን ሜዳ ከምዕራብ የከበበውን ተረተር በክረምት ጭጋግ ሲሸፈን ያየ የውርጌሳ ሰው ይህን ሥዕል ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በ1995 በቬኒስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ሽልማት ተቀበለ፤ በ2011 በካሩዪዛዋ ከተማ የእርሱ ሥራ ብቻ የሚታይበት ቤተ መዘክር ተከፈተ።

ማኮቶ ፉጂሙራ ግን በ1960 የተወለደው በአሜሪካ በቦስተን ነው። ወላጆቹ ጃፓናውያን ናቸው። በአሜሪካ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ የአባቶቹን ቀለም ለመማር ወደ ቶኪዮ ሄዶ ከማታዞ ካያማ ዘንድ ተማረ። በዚያም ሳለ ክርስቲያን ሆነ። በሃይማኖት በጥንት ድህነት ከነበረችው፥ በ1597 በናጋሳኪ 26 ሰማዕታት በተሰቀሉባት ሀገር እምነትን ማግኘቱ ብቻውን የሚነገር ነው። በ2011፥ የንጉሥ ያዕቆብ የተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ 400 ዓመት ሲሞላው፥ አራቱን ወንጌል እንዲያስጌጥ ተጠየቀ። አምስት ታላላቅ ሥዕሎች ሠራ፤ ለ89ኙም ምዕራፎች የመጀመሪያ ፊደላቸውን ሣለ። ለማቴዎስ ወንጌል የሠራው ሥዕል ስሙ ጌታ በተራራ ስብከቱ ተመልከቱ ካላቸው የሜዳ አበቦች የተወሰደ ነው። የተወቀጠው ድንጋይ በሙጫ እየተለወሰ በተራ በተራ ይደራረባል፤ የላይኛው የታችኛውን ሳይደመስስ ብርሃኑ ከውስጥ ይመለሳል። በቅኔ ቤት ቋንቋ፥ ሰሙ እያለ ወርቁ ይታያል።

ይህ ሠዓሊ ከፕሮቴስታንት ወገን ነው፤ በሥዕሎቹም የቅዱሳን መልክ የለም። ስለዚህ ለስግደትና ለጸሎት በመቅደስ ሊሰቀሉ አይችሉም፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ቅዱስ ሥዕል መልክ፥ ስምና ታሪክ ያሻዋልና። ነገር ግን አንድ ነገር አይካድም። ወንጌልን በእጅ በተዘጋጀ የድንጋይ ቀለም የማስጌጥ ሥራ፥ የገሪማና የሐይቅ አባቶች የሠሩት ሥራ፥ በዚህ ዘመን በኒው ዮርክ አጠገብ በጃፓን ሙጫ ተሠርቶ ታየ።

በኢትዮጵያስ ምን ሆነ? የባዕድ ሥዕል መምጣቱ ብቻውን ጉዳት እንዳላመጣ ታሪክ ይመሰክራል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የጣና ገዳማትን ሲያስጌጥ የሩቁን አገር አሣሣል ያውቅ ነበረ፤ ከእርሱም በኋላ ከቬኒስ የመጣው ብራንካሊዮን በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመት ሲሥል ኖሯል። የሀገሩ ሠዓልያን መልኩን ተቀበሉ፥ ቀለሙን ግን ራሳቸው ይወቅጡ ነበር። ለውጡ የመጣው ቀለሙ ራሱ ከሱቅ መገዛት ሲጀምር ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት በማተሚያ የተባዛ የውጭ ሥዕል በርካሽ ገባ፤ በጣሳ የሚሸጥ የፋብሪካ ቀለምም በየገጠሩ ደረሰ። የቆርቆሮ ጣራና የሲሚንቶ ግድግዳ ሲሠራ፥ በጭቃው ላይ የነበረው አሮጌ ሥዕል ከጭቃው ጋር ፈረሰ፤ ባልፈረሰበትም ስፍራ ምእመናን ከፍቅር የተነሣ «እንዲታደስ» ብለው በአዲስ ቀለም አስደመሰሱት። በዚህ ነገር ክፉ ልብ አልነበረም። የሚያስተምር አልነበረም እንጂ።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቆሙ ለሀገሪቱ ታላቅ ውለታ ዋሉ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የትምህርቱ መሠረት ግን የአውሮፓና የአሜሪካ አሣሣል ነበረ። ከዚያ ትውልድ አንዳንዶቹ ወደ አባቶች ዕቃ ራሳቸው ተመለሱ። እስክንድር ቦጎሲያን በ1981 «የዘመን ዑደት» በተባለ ሥራው የዛፍ ልጥን ተጠቅሟል፤ ዘሪሁን የትምጌታ በጠባብ የቀርከሃ ስንጥሮች ላይ የክታብን መልክ እያስታወሰ ሠርቷል። እነዚህ ግን የግል ሰዎች ሥራዎች ናቸው። ዜማ የዜማ ቤት ስላለው፥ ቅኔም የቅኔ ቤት ስላለው፥ መምህር ቢሞት ወንበሩ አይሞትም፤ ሌላው ይተካበታል። ቀለም ማውጣት ግን ወንበር አልተዘረጋለትም። ከአባት ወደ ልጅ፥ ከጌታ ወደ አሽከር ሲወርድ ኖረ፤ ልጁ ሌላ ሥራ ሲመርጥ ያን ጊዜ ተቋረጠ።

ጃፓን በዚህ ላይ ሕግ ጨመረችበት። በ1950 የቅርስ ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ በ1975 ሲሻሻል ደግሞ ቅርስ ማለት ሥዕሉ ብቻ እንዳልሆነ፥ ሥዕሉን ለማደስ የሚያስፈልገውን ዕቃና ጥበብ የሚያውቅ ሰውም ሊጠበቅ እንደሚገባው ተደነገገ። በዚህ ሕግ ወረቀት የሚሠራው፥ የጥንቱን ሥዕል የሚለጥፈው ባለ እጅ በስሙ ተመዝግቦ፥ ደቀ መዝሙር እንዲያወጣ ከመንግሥት ይረዳል።

ይህ ለሐይቅ ዳር አጥቢያዎች ከሩቅ ወሬ የበለጠ ነገር ነው። በቆዳ ሙጫ የተቀባ ቀለም ሲላላና ሲቀረፍ፥ ዐዋቂ ሰው ለብ ባለ ቀጭን ሙጫ እንደ ገና ያስይዘዋል፤ አሮጌው ከአዲሱ ጋር በተፈጥሮ አንድ ነውና ይቀበለዋል። የፋብሪካ ቀለም ከተቀባበት ግን እንደ ቆዳ ሆኖ ይሸፍነዋል፤ ያን ሽፋን ለማንሣት የሚሞክር ሰው ሥሩ ያለውን ቀለም ጨምሮ ያነሣዋል። በውርጌሳም ሆነ በመርሳ፥ በወልድያም ሆነ በላስታ፥ ግድግዳ ሊታደስ ሲታሰብ ጣሳው ከመከፈቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በሥሩ ያለው ቀለም በምን ሙጫ እንደ ተለወሰ፥ ያንንም ሙጫ ማን ማፍላት እንደሚያውቅ ነው። በዕድሜ የገፉ ብራና ፋቂዎችና ጸሐፍት ዛሬም በየገዳማቱ አሉ፤ ቆዳ ሲቀቀል ሙጫው መቼ እንደሚያዝ፥ ጥላሸቱ ስንት ወር እንደሚቦካ በእጃቸው ያውቃሉ።